ባለ ፈረስና ጋላቢ፤ በፈረስ እሽቅድምድም ታሪክ ስለ ታዩ የሚያጠያይቁ ውሳኔዎች

የፈረስ እሽቅድምድም ለታሪክ ጥናት የሚበቃ ነገር ነው ወይ ብለው የሚጠይቁን ጓደኞች እንደሚኖሩ እናውቃለን። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት፥ ስለ ውልና ስለ ድንበር የሚጻፍ ብዙ ነገር ሳለ ስለ መጋለቢያ ሜዳ መጻፍ ጊዜን ማባከን ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን የታሪክ ተማሪ ዋና ሥራው የሰዎችን ውሳኔ መመርመር ከሆነ፥ ውሳኔ በጠባብ ቦታና በአጭር ጊዜ ተጨምቆ የሚታይበት እንደዚህ ያለ መስክ ጥቂት ነው። በሁለት ደቂቃ ተኩል ውስጥ አንድ ሰው ይወስናል፤ ብዙ ሺህ ሰው ያያል፤ ውጤቱም ወዲያው ይታወቃል። ክርክሩ ግን መቶ ዓመት አልፎትም አያልቅም።

በዚህ ጽሑፍ ከ1791 እስከ 1986 ድረስ በእንግሊዝና በአሜሪካ አገር ባለ ፈረሶችና ጋላቢዎች ካደረጓቸው ውሳኔዎች ሰባቱን መርጠን እንመለከታለን። የዓመታቱ ቁጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በእያንዳንዱ ጉዳይ ላይ ሦስት ጥያቄዎች እናቀርባለን። አንደኛ፥ ወሳኙ ሰው በወሰነበት ሰዓት የሚያውቀው ምን ነበር? ሁለተኛ፥ ውሳኔው የተደረገው ለማን ጥቅም ነው? ሦስተኛ፥ ኪሣራውን የከፈለው ማን ነው? እነዚህን መጠየቅ ያስፈለገን፥ ተመልካች ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርደው «ማን አሸነፈ?» በሚለው በአንዱ ጥያቄ ብቻ ስለ ሆነ ነው። ይህ አፈራረድ ደግሞ ከሜዳው ዐልፎ በታሪክ ጸሓፊዎችም ዘንድ የሚታይ ስሕተት መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

፩. ባለ ፈረስና ጋላቢ ስለ መለያየታቸው

በጥንት ጊዜ ባለ ፈረሱና ጋላቢው አንድ ሰው ነበር። የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ በ1671 በኒውማርኬት ሜዳ ራሱ በኮርቻ ላይ ተቀምጦ ተወዳድሮ አሸንፎአል። በእኛም አገር ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው ማለት የፈረሱንና የጌታውን ስም አንድ ማድረግ ነው። በጉግስ ሜዳም ቢሆን ምስጋናውም ሐሜቱም የሚወርደው በኮርቻው ላይ በተቀመጠው ሰው ላይ ነው።

በ18ኛው መቶ ዓመት ግን በእንግሊዝ አገር ነገሩ ተለወጠ። በ1750 አካባቢ ጆኪ ክለብ የሚባል ማኅበር ተቋቋመ። ጆኪ ማለት ጋላቢ ማለት ሲሆን የማኅበሩ አባሎች ግን ጋላቢዎች ሳይሆኑ ፈረስ ያላቸው መኳንንት ነበሩ። በ1780 ደርቢ የሚባለው የሦስት ዓመት ፈረሶች ውድድር በኤፕሰም ተጀመረ፤ የውርርዱም ገንዘብ ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ ሄደ። ከዚህም የተነሣ ፈረሱ የአንዱ፥ እጁ የሌላው፥ ገንዘቡ የሦስተኛው ሰው ሆነ። ሕግ የሚያወጡትና የሚፈርዱት ባለ ፈረሶች ነበሩ፤ የሚፈረድባቸው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጋላቢዎች ነበሩ። ከዚህ በታች የምንተርከው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ መለያየት ነው።

፪. የኤስኬፕ ጉዳይ፤ 1791

በዚያ ዘመን ከእንግሊዝ ጋላቢዎች መካከል ስመ ጥር የነበረው ሳም ቺፍኒ ነው። በ1789 ስካይስክሬፐር በተባለው ፈረስ ደርቢን አሸንፎ ነበር። የአጋለቡ ልማድ ከሌሎቹ የተለየ ነበር፤ ሌሎቹ ከመነሻው ጀምረው ፈረሱን ሲያስጨንቁት፥ እርሱ ልጓሙን አላልቶ ከኋላ ይቆይና በመጨረሻው ላይ ድንገት ይወረወራል። ይህ ዘዴ ሲሳካ ያስደንቃል፤ ሳይሳካ ሲቀር ግን «ሆን ብሎ አዘገየው» ለሚል ሰው በር ይከፍታል።

ቺፍኒ በኋላ ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ለተባለው ለዌልስ ልዑል በዓመት 200 ጊኒ እየተከፈለው ይጋልብ ነበር። ኦክቶበር 20 ቀን 1791 ኤስኬፕ የተባለው የልዑሉ ፈረስ በኒውማርኬት በሁለት ማይል ውድድር ከአራት ፈረሶች መጨረሻ ወጣ። ብዙ ሰው ያሸንፋል ብሎ ገንዘቡን ያስያዘበት ፈረስ ስለ ነበረ ጉምጉምታ ተነሣ። በማግሥቱ በአራት ማይል ውድድር ይኸው ፈረስ ትናንት የቀደሙትን ጭምር ይዞ አሸነፈ። ከመጀመሪያው ቀን ሽንፈት የተነሣ የሚወራረድለት ሰው ቀንሶ፥ ለአሸናፊው የሚከፈለው ዋጋ ከፍ ብሎ ነበር። ቺፍኒም በዚህ በሁለተኛው ቀን 20 ጊኒ አስይዞ ነበር።

የተከሰሰበት ነገር ግልጽ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ፈረሱን ይዞ አስቀረው፥ በሁለተኛው ቀን ዋጋው ከፍ ሲል ለቀቀው የሚል ነው። የቺፍኒም መልስ ግልጽ ነበር። ፈረሱ ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት በቂ ግልቢያ ስላላገኘ ሰውነቱ አልተፍታታም ነበር፤ የመጀመሪያው ውድድር ራሱ አላበውና አፍታታው፤ የሁለተኛውም ቀን ረጅም ርቀት ይስማማው ነበር አለ። ቃሉንም በመሐላ አረጋገጠ። ፈረስ የሚያውቅ ሰው ይህን መልስ ፈጽሞ የማይሆን ነው ሊለው አይችልም።

የጆኪ ክለብ ዳኞች ጉዳዩን መረመሩ። ከነርሱም አንዱ ሰር ቻርልስ ባንበሪ ለልዑሉ፥ ቺፍኒ ፈረሶችህን መጋለቡን ከቀጠለ ከአንተ ፈረስ ጋር ፈረሱን የሚያወዳድር ጨዋ ሰው አይኖርም ሲል አስታወቀው። ልዑሉ በዚህ ተቈጥቶ ከኒውማርኬት ወጣ፤ ወደዚያም ሜዳ ለውድድር አልተመለሰም። ለቺፍኒ ግን የ200 ጊኒውን አበል ለዕድሜ ልክ አጸናለት።

ሦስቱን ጥያቄዎቻችንን እዚህ ላይ እንሞክራቸው። ቺፍኒ ፈረሱ ያልተዘጋጀ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ይህን ራሱ ተናግሮአል። እንግዲያስ በመጀመሪያው ቀን ፈረሱን ማሰለፍ ትክክል ነበር ወይ? ይህ ጥያቄ የሚመለከተው ከጋላቢው ይልቅ የፈረሱን አያያዝ የሚወስኑትን ባለቤቱንና አሠልጣኙን ነው። ጥቅሙን ብንመለከት፥ በዓመት 200 ጊኒ የሚያገኝ ሰው ለ20 ጊኒ ውርርድ ሲል ስሙንና እንጀራውን አስይዞአል ማለት በቀላሉ የሚታመን አይደለም፤ ሌላ ስውር ገንዘብ ነበረ የሚል ማስረጃም አልቀረበም። ኪሣራውን ግን ማን እንደ ከፈለው አያከራክርም። ልዑሉ ነገሠ። ቺፍኒ በ1804 ራሱን የሚከላከልበት መጽሐፍ አሳተመ፤ የዕድሜ ልክ አበሉን በጥሬ ገንዘብ ሸጠ፤ በ1807ም በለንደን ፍሊት በተባለው የባለ ዕዳዎች ወኅኒ ቤት ሞተ።

፫. በጥርስ የታወቀው ሐሰት፤ 1844

የቺፍኒ ጉዳይ እስከ ዛሬ ሳይፈታ የቀረ ሲሆን፥ የ1844 ደርቢ ግን ፍጹም ግልጽ የሆነ የባለቤት ማታለል ነው። በዚያ ዓመት በኤፕሰም አንደኛ የወጣው ራኒንግ ሬይን የተባለው ፈረስ ነበር። በመዝገብ ባለቤት ሆኖ የተጻፈው አሌክሳንደር ውድ የተባለ የእህል ነጋዴ ነው። ከበስተጀርባው ግን ጉድማን ሌቪ የተባለ የውርርድ ሰው ነበር። ሌቪም ለሦስት ዓመት ፈረሶች ብቻ በተወሰነው ውድድር ማካቢየስ የተባለ የአራት ዓመት ፈረስ በሐሰት ስም አስገብቶ ነበር። በሦስትና በአራት ዓመት ፈረስ መካከል ያለው ልዩነት በጎረምሳና በሙሉ ሰው መካከል እንዳለው ልዩነት ነው።

ይህ ፈረስ በ1843 ገና የሁለት ዓመት ነው ተብሎ ሲሮጥ፥ ዕድሜው ከተባለው ይበልጣል የሚል አቤቱታ ቀርቦበት ማስረጃ ታጥቶ አልፎ ነበር። ከደርቢው በፊትም ሎርድ ጆርጅ ቤንቲንክና ሌሎች ሰዎች ፈረሱ እንዲመረመር ለዳኞቹ አመለከቱ። ዳኞቹም አስቀድሞ ከመመርመር ይልቅ ይሩጥ፥ ቢያሸንፍ ያን ጊዜ ይጣራል ብለው ፈቀዱ። እኛ ከሌቪ ማታለል ቀጥሎ እጅግ የሚያጠያይቀው ውሳኔ ይህ ነው እንላለን። የፈረስ ዕድሜ በጥርሱ ይታወቃል፤ አፉን ከፍቶ ለማየት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ውድድሩ ካለቀና ገንዘቡ ከተያዘ በኋላ ግን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ሁለተኛ የወጣው የኦርላንዶ ባለቤት ኮሎኔል ጆናታን ፒል፥ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሮበርት ፒል ወንድም ነበር። በጁላይ 1844 ነገሩ ሲሰማ ዳኛው ባሮን አልደርሰን፥ ፈረሱ ይቅረብና ይታይ ሲል አዘዘ። ፈረሱ የለም ተባለ። ራሱ ተታልሎ እንደ ነበረ የሚታመነው ውድ ክሱን ተወ፤ አሸናፊነቱም ለኦርላንዶ ተሰጠ። ሌቪ አገሩን ጥሎ ሸሸ።

በዚያው ውድድር ሊአንደር የተባለ ሌላ ፈረስ እግሩ ተሰብሮ ተገደለ፤ መንጋጋው በኋላ ሲመረመር እርሱም የአራት ዓመት ፈረስ ነው ተባለ። ብዙ ገንዘብ ተይዞለት የነበረው ራታንም እንደሚጠበቀው ስላልሮጠ ጋላቢው ሳም ሮጀርስ ከመወዳደሪያ ሜዳዎች ታገደ። በአንድ ቀንና በአንድ ውድድር ሦስት ዓይነት ነውር ታየ ማለት ነው። የሆነ ሆኖ ከዚህ ጉዳይ አንድ በጎ ፍሬ ተገኘ፤ ይኸውም ጥርጣሬ ሳይሆን ማስረጃ፥ ወሬ ሳይሆን የፈረሱ አፍ እንደሚፈርድ መታወቁ ነው። ዛሬ ፈረሶች ከቆዳቸው ሥር በሚገባ መለያና በመታወቂያ ወረቀት የሚለዩት ለዚህ ዓይነት ማታለል በር ለመዝጋት ነው።

፬. በቂም የተደረገ ውርርድ፤ 1867

ሦስተኛው ጉዳይ የማታለል ሳይሆን የስሜት ነው። ማርክዊስ ኦቭ ሄስቲንግስ የተባለው ወጣት መስፍን በ1864 የሄንሪ ቻፕሊንን እጮኛ፥ እመቤት ፍሎረንስ ፓጄትን፥ ሠርጓ ጥቂት ቀናት ሲቀረው ይዞ ጠፋና አገባት። ቻፕሊን ከዚያ በኋላ ልቡን በፈረስ ላይ ጣለ። በ1865ም ሄርሚት፥ ትርጓሜውም «ባሕታዊ» የሆነውን ውርንጭላ በ1,000 ጊኒ ገዛ።

ሄስቲንግስ ሄርሚት ደርቢን አያሸንፍም ብሎ እጅግ ብዙ ገንዘብ ተወራረደ። በ1867 ውድድሩ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀረው ፈረሱ በልምምድ ላይ ሳለ ከአፍንጫው ደም ስለ ፈሰሰው፥ ሄስቲንግስ ማሸነፉን እርግጠኛ ሆነ። ሄርሚትን ይጋልበው የነበረው ካስታንስም ፈረሱ አይሮጥም ተብሎ ስለ ተለቀቀ ወደ ሌላ ፈረስ ተዛወረ። በመጨረሻ ግን ቻፕሊንና አማካሪዎቹ ፈረሱ ይሩጥ ሲሉ ወሰኑ፤ ጆኒ ዴሊ የተባለ ጋላቢም ተገኘለት። ውድድሩ በብርድና በበረዶ ቀን ተደረገ፤ መነሻውም ደጋግሞ ተበላሸ። ዋጋው 1,000 ለ15 የነበረው ሄርሚት በአንገት ርቀት አሸነፈ። ሄስቲንግስ 120,000 ፓውንድ ያህል ከሠረ።

በሚቀጥለው ዓመት የሄስቲንግስ ጋጣ ሌላ ጥያቄ አስነሣ። ዘ ኧርል የተባለው ፈረሱ በ1868 ደርቢ ዋዜማ ከውድድሩ ተሰረዘ፤ ሌዲ ኤልሳቤጥ የተባለችው ባዝራው ብዙ ገንዘብ ተይዞላት ብትሮጥ ከኋላ ቀረች። የተሰረዘው ዘ ኧርል ግን ጥቂት ቀናት ቈይቶ በፓሪስ ታላቁን ውድድር አሸነፈ። መስፍኑ በዕዳ ተይዞ ስለ ነበረ ውሳኔው የእርሱ ይሁን ወይም የአበዳሪዎቹ በይፋ ተከራከሩበት። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ሄስቲንግስ በ26 ዓመቱ ሞተ።

እዚህ ላይ ልብ የምንለው ነገር አለ። ሄስቲንግስ ያወቀው ነገር ሐሰት አልነበረም፤ ፈረሱ በእርግጥ ደምቶ ነበር። የደማ ፈረስ ደርቢን አያሸንፍም ብሎ መገመትም ሞኝነት አይደለም። ስሕተቱ ግምቱ ላይ ሳይሆን ልኩ ላይ ነበር፤ ለአንድ ሰው ያለውን ቂም በፈረስ ላይ አሳድሮ፥ ቢሸነፍ ሊሸከመው የማይችለውን ዕዳ መግባቱ ነው።

፭. አንድ ሽንፈትና ሁለት መመዘኛ፤ 1919 እና 1920

ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ እንሻገር፤ እዚያም ይኸው የባለቤትና የጋላቢ መለያየት ከውድድሩ ጋር አብሮ ተሻግሮ ነበር። በአሜሪካ ከታዩት ፈረሶች ሁሉ የታወቀው ማን ኦ ዎር የባለቤት ውሳኔ ምሳሌ ሆኖ ይጀምራል። ፈረሱን ያስወለደው ኦገስት ቤልሞንት በ1918 በጦርነቱ ምክንያት ወደ ሠራዊት አገልግሎት ስለ ገባ ውርንጭሎቹን ሸጠ። ሳሙኤል ራይድልም ማን ኦ ዎርን በ5,000 ዶላር ገዛው። ዛሬ ይህ ሽያጭ ትልቅ ስሕተት ነው ይባላል፤ ቤልሞንት ግን በሸጠበት ቀን ያየው ያልሮጠ የአንድ ዓመት ውርንጭላ ነው።

ማን ኦ ዎር 21 ጊዜ ተወዳድሮ የተሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኦገስት 13 ቀን 1919 በሳራቶጋ፥ አፕሴት በተባለ ፈረስ በግማሽ ቁመት ተቀደመ። የተሸከመው 130 ፓውንድ ሲሆን አፕሴት የተሸከመው 115 ፓውንድ ነበር። ያን ጊዜ ፈረሶቹ የሚነሡት ከገመድ ኋላ ስለ ነበረ አነሣሡ ተበላሸበት፤ ቀጥሎም ጋላቢው ጆኒ ሎፍተስ በአጥሩ በኩል ገብቶ በሌሎች ፈረሶች ታገደ፤ ሲወጣም ርቀቱ አልበቃውም። ከዚህ ውድድር የተነሣ ብዙ ተረት በቀለ፤ ላልተጠበቀ ሽንፈት የሚነገረው የእንግሊዝኛ ቃል ራሱ ከዚህ ፈረስ ስም ተገኘ እስከ ማለት ተደርሶአል፤ ቃሉ ግን ከዚያ አስቀድሞ ይነገር ነበር።

በ1920 ሎፍተስም የአፕሴት ጋላቢ የነበረው ናፕም የጋላቢነት ፈቃድ ተከለከሉ። ምክንያቱ በይፋ አልተገለጸም። ሎፍተስ በ1919 በሰር ባርተን ሦስቱን ታላላቅ የአሜሪካ ውድድሮች ያሸነፈ ሰው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ወደ አሠልጣኝነት ዞረ። ያልተገለጠ ክስ መልስ አይሰጥበትም፤ ስለዚህ እኛ ይህን ቅጣት ከቺፍኒ ቅጣት የከፋ እንለዋለን። ቺፍኒ ቢያንስ የተከሰሰበትን ያውቅ ነበር።

በዚያው በ1920 ደግሞ ራይድል ማን ኦ ዎርን በኬንታኪ ደርቢ አላሰለፈውም። በሜይ ወር መጀመሪያ የሦስት ዓመት ፈረስ አንድ ማይል ከሩብ መሮጥ ይበዛበታል ብሎ ያምን ነበር። በደርቢው ፖል ጆንስ አንደኛ፥ ያው አፕሴት ሁለተኛ ወጡ። ጥቂት ቀናት ቈይቶ ማን ኦ ዎር በፕሪክነስ አፕሴትን ቀደመው። ባለቤቱ ፈረሱን ከአገሩ ታላቅ ውድድር ስላስቀረ ማንም ፈቃድ አልከለከለውም፤ ሊከለክለውም አይገባም ነበር። ነገር ግን ጋላቢው በሰከንድ ውስጥ ባደረገው ውሳኔ እንጀራውን ሲያጣ፥ ባለቤቱ በወራት አስቦ ያደረገው የምርጫ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አለፈ። ሁለት መመዘኛ የምንለው ይህን ነው።

፮. እውነት የተናገረው ጋላቢ፤ 1957

ሜይ 4 ቀን 1957 በኬንታኪ ደርቢ ቢል ሹሜከር ጋላንት ማን በተባለው ፈረስ ላይ ሆኖ ከአይረን ሊጅ ጋር አንገት ለአንገት ተያይዞ ይመጣ ነበር። ከማብቂያው አንድ አሥራ ስድስተኛ ማይል ሲቀረው፥ የዚያን ርቀት ምልክት የመጨረሻው ምልክት መስሎት በእርካቡ ላይ ተነሥቶ ቆመ። ወዲያው ተቀመጠ፤ ዳሩ ግን በቢል ሃርታክ የሚጋለበው አይረን ሊጅ በአፍንጫ ርቀት ቀደመው። የፈረሱ ባለቤት ራልፍ ሎው ከውድድሩ በፊት ጋላቢው ማብቂያውን ሲስት በሕልሙ አይቶ ለሹሜከር እንደ ነገረው ይተረካል።

ሹሜከር ስሕተቱን ለዳኞቹ አመነ። 15 ቀን እንዳይጋልብ ታገደ። ሎው ግን አላባረረውም፤ እንዲያውም ገንዘብና አውቶሞቢል ሰጠው ይባላል። በሚቀጥለው ወር በቤልሞንት ውድድር ያው ሹሜከር በያው ጋላንት ማን ላይ ተቀምጦ በስምንት ቁመት ርቀት አሸነፈ። ጊዜውም 2 ደቂቃ ከ26 3/5 ሰከንድ ሲሆን፥ ይህን የቤልሞንት ክብረ ወሰን ሴክሬታሪያት በ1973 እስኪሰብረው ድረስ 16 ዓመት ቆየ።

ይህ ጉዳይ ከሌሎቹ ሁሉ የሚለየው በሦስት ነገር ነው። ስሕተቱ በሁሉ ፊት የታየ ነበር፤ የተሳሳተው ሰው አልካደም፤ ቅጣቱም በልክ ተወስኖ ለሁሉ ተነገረ። ባለቤቱ ደግሞ ስሕተትን ከክሕደት ለየ። ሹሜከር ከዚያ በኋላ የኬንታኪን ደርቢ በ1959፥ በ1965ና በ1986 አሸነፈ። ሎፍተስን የገጠመው ዓይነት ፍርድ ደርሶበት ቢሆን ኖሮ እነዚህ ዓመታት አይኖሩም ነበር።

፯. ከፋዩ ፈረሱ ሲሆን፤ 1975

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ስለዚህ ጠቡ የሰው ሆኖ ሳለ ኪሣራውን አንዳንድ ጊዜ ፈረሱ ይከፍለዋል። ራፊያን የተባለችው ባዝራ አሥር ጊዜ ተወዳድራ አሥሩንም አሸንፋ ነበር። በዚያ ዓመት የኬንታኪን ደርቢ ካሸነፈው ከፉሊሽ ፕለዠር ጋር ሁለቱ ብቻ እንዲወዳደሩ ተስማሙ፤ ውድድሩም ጁላይ 6 ቀን 1975 በቤልሞንት ፓርክ ከ50,000 በሚበልጥ ሕዝብ ፊት ተደረገ። የሁለቱም ጋላቢ የነበረው ሃሲንቶ ቫስኬዝ ራፊያንን መረጠ። ግማሽ ማይል ያህል እንደ ሄዱ የፊት ቀኝ እግሯ ተሰበረ። ቫስኬዝ ሊያቆማት ቢታገልም በተሰበረው እግሯ መሮጧን ቀጠለች። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ከማደንዘዣው ስትነቃ ግን ተወራጭታ ጉዳቱን ስላባሰችው እንድትሞት ተደረገ። በዚያው ሜዳ ውስጥ ተቀበረች።

ባለቤቶቿን በውጤቱ ብቻ እንፍረድባቸው ብንል ከመጀመሪያ ያስቀመጥነውን ደንብ እናፈርሳለን፤ እግር በማንኛውም ውድድር ሊሰበር ይችላልና። ነገር ግን አንድ የታወቀ ነገር ነበር። ሁለት ፈረሶች ብቻ ሲወዳደሩ ማንም ቆይቶ መድረስ ስለማይፈልግ ሁለቱም ከመነሻው ጀምሮ በሙሉ ኃይል ይሮጣሉ። ይህን እያወቁ ለማየትና ለማሳየት ሲባል ብቻ ማገናኘት ያስጠይቃል። በዚህ ጉዳይ ላይ ሦስተኛው ጥያቄያችን እጅግ ይከብዳል፤ ከከፋዩ በስተቀር ሁሉም የመወሰን ድርሻ ነበረው።

፰. አንድ ዘዴ፥ ሁለት ፍርድ፤ 1986

የመጨረሻው ምሳሌያችን ለዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ቍልፍ ነው። በጁን 1986 በኤፕሰም ደርቢ ግሬቪል ስታርኪ ዳንሲንግ ብሬቭ የተባለውን የልዑል ካሊድ አብደላ ፈረስ ከኋላ አቈይቶ በመጨረሻው ለቀቀው። ፈረሱ እጅግ ፈጥኖ መጣ፤ ነገር ግን ሻህራስታኒን ለመድረስ ግማሽ ቁመት ጐደለው። ስታርኪ አዘገየው ተብሎ ተወቀሰ፤ በሚቀጥለው ወር በዚያው ፈረስ የኤክሊፕስን ውድድር ቢያሸንፍም ወቀሳው እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ተከተለው።

በዚያው ዓመት በኦክቶበር በፓሪስ ሎንግሻን በተደረገው በአርክ ደ ትሪዮምፍ ውድድር ፈረሱን የጋለበው ፓት ኤደሪ ነበር። ኤደሪም ፈረሱን ከኋላ አቈየው፤ ወደ መጨረሻው ቀጥተኛ መሥመር ሲገቡ ብዙ ፈረሶች ይቀድሙት ነበር። ከዚያ በሜዳው ዳር አውጥቶ ለቀቀውና በአንድ ቁመት ተኩል አሸነፈ። ይህ አጋለብ ከታዩት ሁሉ ከላቁት አንዱ ነው እየተባለ ይወደሳል።

እርግጥ ሁለቱ ሜዳዎች አንድ አይደሉም። ኤፕሰም ቁልቁለትና ጠመዝማዛ ያለበት፥ ፈረስ ሚዛኑን የሚያጣበት ሜዳ ሲሆን፥ የሎንግሻን መጨረሻ ሰፊና ሜዳማ ነው። ስለዚህ ስታርኪ ሜዳውን አላመዛዘነም ብሎ መውቀስ ይቻላል፤ ይህ እውነተኛ ወቀሳ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ወቃሾች የተናገሩት ይህን አይደለም። የተናገሩት ከኋላ መቆየት ሞኝነት ነው ብለው ነው፤ ከአራት ወር በኋላም ከኋላ መቆየት ጥበብ ነው አሉ። ቺፍኒ በ1791 የገጠመው ከዚህ ሩቅ አልነበረም።

መደምደሚያ

ከላይ ከተመለከትናቸው ጉዳዮች ሁለት ነገሮችን እናገኛለን። መጀመሪያ፥ ውሳኔንና ውጤትን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ቤልሞንት ውርንጭላውን ሲሸጥ፥ ሄስቲንግስ ደምቶ የነበረውን ፈረስ ሲንቅ፥ ስታርኪ ከኋላ ሲቆይ ያወቁትና ያላወቁት ነገር ነበር። የውጤቱን ገጽ አስቀድመን ያነበብን እኛ፥ ገጹ ገና ባልተገለጠላቸው ሰዎች ላይ ስንፈርድ መጠንቀቅ ይገባናል። ይህ ማለት ግን ማንም አይወቀስ ማለት አይደለም። ሌቪ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር፤ የ1844 ዳኞችም የፈረሱን አፍ ከፍቶ ማየት በእጃቸው ነበር። የሚያውቅ ሲያታልል፥ ማወቅ የሚችልም ሳይመረምር ሲቀር ወቀሳው የጸና ነው።

ሁለተኛ፥ ፍርድ ወደ ደካማው ያዘነብላል። ቺፍኒና ሎፍተስ በጥርጣሬ ብቻ እንጀራቸውን አጡ፤ ከእነርሱ በላይ የነበሩት ግን ስለ ውሳኔያቸው መልስ የሚጠይቃቸው አልነበረም። ጋላቢው በሁሉ ፊት በኮርቻ ላይ ይታያል፤ ባለቤቱ ከሰገነት ላይ ተቀምጦአል፤ ዓይን ደግሞ የሚያየውን ይከሳል። የሹሜከርና የሎው ምሳሌ ግን ሌላ መንገድ እንደ ነበረ ያስረዳል፤ የተሳሳተው እውነቱን ሲናገር፥ ቅጣቱ በግልጽና በልክ ሲሆን፥ ባለቤቱም የድርሻውን ሲሸከም ሰውም ፈረስም ይድናል።

በታሪክ መጻሕፍት ውስጥም ጋላቢዎችና ባለ ፈረሶች አሉ። ጦር ሜዳ ላይ የተሸነፈው አዝማች ስሙ ሲነሣ፥ ያለ ስንቅ የላከው ሰው ስም ብዙ ጊዜ አይነሣም። ስለዚህ ወደ ፊት ስለ ታላላቅ ውሳኔዎች ስናነብና ስንጽፍ፥ በኮርቻው ላይ ማን ነበረ ብለን ከመጠየቃችን ጋር ፈረሱ የማን ነበረ፥ ሩጥ ያለውስ ማን ነው ብለን እንድንጠይቅ ጓደኞቻችንን እናሳስባለን።